ጉበት የሌሊት ፈረቃ ሲገባ

(በአንድ የሰፈር አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን ትንሽ አስተካክዬ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። መግቢያ ሳላበዛ ከጎረቤቴ ልጀምር።

ጎረቤቴ ስኳር አለባቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። እኔ ባዮኬሚስትሪ አስተማሪ እንጂ ሐኪም እንዳልሆንኩ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ለእሳቸው ግን ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ሐኪም ነው። አንድ ቀን በማለዳ በሬን አንኳኩ። መለኪያውን ይዘዋል። "ልጄ፣ ይቺ ነገር ተበላሽታለች መሰለኝ" አሉኝ። ማታ ከመተኛታቸው በፊት 138 ነበር። ሌሊቱን ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ጠዋት ሲለኩ 171። "ምንም ሳልበላ ከየት መጣ? ሌባ ሰምቼ አውቃለሁ፣ ማታ ገብቶ ስኳር ጨምሮ የሚሄድ ግን አልሰማሁም።"

መለኪያዋ ደህና ነበረች። ማታ የገባ ሰውም የለም። ስኳሩን የሠራው የራሳቸው ጉበት ነው። የዛሬው ወሬያችን ይኸው ነው፦ ሰውነታችን ስኳር ካልሆነ ነገር እንዴት ስኳር ይሠራል? በሙያው ቋንቋ ግሉኮኒዮጄነሲስ ይባላል። ስሙን እርሱት። አዲስ ግሉኮስ መሥራት ማለት ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንይ። ጤነኛ በሆነ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዞረው ግሉኮስ በሙሉ ቢሰበሰብ 5 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ። ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ የምትጨምሩ ሰዎች ይህን ልብ በሉልኝ። አንጎላችን ብቻውን ግን በቀን 120 ግራም ገደማ ይፈልጋል። ቀይ የደም ሕዋሳት ደግሞ ከግሉኮስ ሌላ ነገር አይበሉም፤ ሌላ ማገዶ የሚያነዱበት ምድጃ በውስጣቸው የላቸውም። መላው አካል ሲደመር በቀን 160 ግራም ገደማ ይደርሳል።

ታዲያ አንድ ማንኪያ ስኳር ይዘን እንዴት እናድራለን? ጉበት መጋዘን አለው። ከምግብ የተረፈውን ግሉኮስ አያይዞ ግላይኮጅን አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ 100 ግራም ገደማ። ጡንቻም የራሱ አለው፣ እንዲያውም ከጉበት ይበልጣል። ግን ጡንቻ ንፉግ ነው። ያከማቸውን ለራሱ ይጠቀማል እንጂ ወደ ደም አይመልስም። ለመመለስ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ጎረቤት የሚደርሰው የጉበቱ መጋዘን ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ገደማ ቢያቆየን ነው። ስለዚህ መጋዘኑ ሳያልቅ ጀምሮ ጉበት ራሱ መጋገር አለበት። ሌሊት ሁላችን ተኝተን የሚሠራ ዳቦ ቤት አስቡ።

ይህን ዳቦ ቤት መጀመሪያ ያየው ክሎድ በርናር የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በዘመኑ ሊቃውንቱ እንስሳ ስኳር አይሠራም ይሉ ነበር፤ የሚሠራው ተክል ነው፣ እንስሳ የተሠራውን ያቃጥላል፣ አለቀ። በርናር ለውሾች ሥጋ ብቻ ያበላ ነበር። ከዚያ ከጉበት የሚወጣውን ደም ሲመረምር ስኳር አገኘ። ሥጋ በልቶ ስኳር! በ1855 ደግሞ የበለጠ ገረመው። የእንስሳ ጉበት ወስዶ በደም ሥሮቹ በኩል 40 ደቂቃ ያህል ውሃ አሳለፈበት። እኛ ቤት ጉበት ለዱለት ሲታጠብ እንደምናየው ሳይሆን፣ ከውስጥ። ስኳር ጠብ እስከማይል ታጠበ። ከዚያ ትቶት ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ ሲለካ ጉበቱ እንደገና ስኳር ሞልቶበታል። ከአካል ተለይቶ፣ ታጥቦ፣ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አድሮ። እርግጥ ያ ስኳር የወጣው በአብዛኛው ከመጋዘኑ ነው፤ ግላይኮጅንን ነጥሎ ያወጣውም ራሱ በርናር ነው፣ በ1857። ቢሆንም ጉበት ለሌላው አካል ስኳር የሚያድል አካል መሆኑ ያኔ ታወቀ።

አሁን ወደ እኛ ጾም ልምጣ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማይጾም ጥቂት ነው። ማታ 2 ሰዓት እራቱን የበላ ሰው በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሲቆይ 19 ሰዓት ይሆነዋል። በረመዳን ደግሞ ከሱሁር እስከ መግሪብ አለ። እራት እንደተበላ መጀመሪያ አራት ሰዓት ያህል የሚኖረው በበላው ነው። ከዚያ ቆሽት ኢንሱሊኑን ይቀንስና ግሉካጎን የሚባለውን ሌላ ሆርሞን ያበዛል። ግሉካጎን ለጉበት "መጋዘኑን ክፈት፣ ምድጃውንም አያይዝ" እንደማለት ነው። ጠዋት ስንነሳ ጉበት ከሚለቀው ስኳር ግማሽ ገደማው ከመጋዘን፣ ግማሽ ገደማው አዲስ የተጋገረ ነው። 9 ሰዓት ላይ አዲሱ በልጧል። አክፍሎት የሚይዙ ሰዎችማ፣ አንዳንዱ ከሐሙስ አንዳንዱ ከዓርብ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት፣ ቅዳሜ ላይ መጋዘናቸው ባዶ ነው። ቆመው የሚያስቀድሱት ጉበታቸው ከባዶ በሠራው ስኳር ነው። ኩላሊትም ያግዛል። ጾሙ በረዘመ ቁጥር የኩላሊት ድርሻ ከፍ ይላል።

ከባዶ አልኩ እንጂ ከባዶ አይደለም። ሊጥ ያስፈልጋል። ሊጡ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው ላክቴት ነው። ደረጃ በሩጫ ስትወጡ ጡንቻ ኦክስጅን ሳይጠብቅ ግሉኮስን ለሁለት ይሰብረዋል። ስብርባሪው ላክቴት ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት ደግሞ ባትሮጡም ቀኑን ሙሉ ያንኑ ይለቃሉ። ጉበት ስብርባሪውን ከደም ለቅሞ መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። ጡንቻ ይሰብራል፣ ጉበት ይጠግናል። ይህን ዑደት ያገኙት ካርልና ጌርቲ ኮሪ የሚባሉ ባልና ሚስት ናቸው። ሁለቱም በ1896 ፕራግ ተወለዱ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሕክምና ተማሩ፣ ተጋብተው በ1922 አሜሪካ ገቡ። ዩኒቨርሲቲዎች ካርልን ይፈልጉታል፣ ጌርቲን ግን አይፈልጓትም። ሚስትህ አብራህ መሥራቷ ለሙያህ አይበጅም ያሉት ነበሩ። ያገኘችው የረዳት ቦታ በትንሽ ደመወዝ ነው። በ1947 ኖቤል ሲሸለሙ በሕክምና ዘርፍ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሙሉ ፕሮፌሰርነት የሰጧትም በዚያው ዓመት ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ሴቶቹ ይስቃሉ። ሳቁ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

ሁለተኛው ግሊሰሮል ነው። ስብ ሲፈታ ሦስት ረጃጅም ጭራዎችና አንድ ትንሽ እጀታ ይወጣዋል። እጀታው ግሊሰሮል ነው። እሱ ወደ ስኳር መለወጥ ይችላል። ግን ትንሽ ነው፤ ከስቡ ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ።

ሦስተኛው ፕሮቲን ነው፤ በትክክል ካልን አሚኖ አሲዶች። ጡንቻ ሲፈርስ በተለይ አላኒንና ግሉታሚን የተባሉት ወደ ጉበትና ወደ ኩላሊት ይጓዛሉ። ናይትሮጅናቸው ተገፎ በሽንት ይወጣል፣ የቀረው አጥንታቸው ስኳር ይሆናል። በጾም ሦስተኛ ቀን ላይ በዚህ መንገድ የሚፈርሰው ፕሮቲን በቀን 75 ግራም ገደማ ነው። 75 ግራም ንጹሕ ፕሮቲን ማለት ከ300 ግራም በላይ ጡንቻ ነው። ሥጋ ቤት ሄዳችሁ ሩብ ኪሎ አስመዝኑና ትንሽ ጨምሩበት። ያን ያህል፣ በየቀኑ፣ ከራሳችሁ ላይ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ከፊት የተቀመጡት ወንድማችን ገና ሳልጨርስ እጃቸውን አውጥተዋል። "ይሄ ሁሉ ቦርጭ እያለኝ ጡንቻዬን ለምን ይነካል? ስቡን ስኳር አያደርገውም?"

አያደርገውም። የስቡ ረጃጅም ጭራዎች ሲቆረጡ ሁለት ሁለት ካርቦን ያለው ቁራጭ ይሆናሉ። ያ ቁራጭ ወደ ሕዋሱ ምድጃ ይገባል። ሁለት ካርቦን ይገባል፣ ምድጃው አንዴ ሲዞር ሁለት ካርቦን አየር ሆኖ ይወጣል። እናንተም ትተነፍሱታላችሁ። ለስኳር የሚተርፍ የለም። ወደ ኋላ እንዳይመለስ ደግሞ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከስኳር ወደ ስብ መሄድ ይቻላል፣ ይኸው ቦርጩ ምስክር ነው። ከስብ ወደ ስኳር ግን ያቺን የግሊሰሮል እጀታ ካልቆጠርን መንገድ የለም።

ስቡ ግን ሥራ ፈት አይደለም። አንድ ግሉኮስ ከላክቴት ለመሥራት ጉበት 6 የኃይል ሳንቲም ይከፍላል። ያንኑ ግሉኮስ ጡንቻ ያለ ኦክስጅን ሲሰብረው የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። በስድስት ብር ሠርቶ በሁለት ብር መሸጥ፤ መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል። ጉበት የማይዘጋው ኪሳራውን ስብ ስለሚከፍልለት ነው። በዳቦ ቤታችን ስብ ማገዶው ነው እንጂ ሊጡ አይደለም። ምድጃው በማገዶ ይነዳል፤ ዳቦ ግን ከእንጨት አይጋገርም።

ይህን ካልኩ ስለ ላም ሳልናገር አላልፍም። ስለ ሰው ከማወራው ይልቅ ላሟ ትበልጥብኛለች። ላም ጭድና ሳር ትበላለች። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ያን ሁሉ አብላልተው አሲድ ያደርጉታል። ስኳር ሆኖ ወደ ደሟ የሚገባው ከምንም አይቆጠርም። ወተቷ ግን ጣፋጭ ነው፤ በሊትር 48 ግራም ገደማ የወተት ስኳር አለው። ከየት አመጣችው? ጉበቷ ነው የሠራው፤ በዋናነት ፕሮፒዮኔት ከሚባል፣ ተሕዋስያኑ ከሚሠሩት አሲድ። ለአንድ ሊትር ወተት 72 ግራም ገደማ ግሉኮስ ያስፈልጋታል። ቀን 10 ሊትር የምትታለብ ላም ለወተቷ ብቻ 720 ግራም ትሠራለች ማለት ነው። እኛ ለመላው አካላችን 160 ግራም ብለን ስናማርር! ብዙ የምትታለብ ላም በወለደች ሰሞን ስትከሳና መኖ ስትጠላ ያየ ገበሬ ካለ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሚታለበው ስኳር ጉበቷ ከሚደርስበት በላይ ሆኖ ስቧን ያለ ልክ ታነዳለች።

ወደ ሰው ልመለስ። በቀን ከ300 ግራም በላይ ጡንቻ እያፈረሰ የሚቀጥል ሰው ብዙ አይቆይም። ሰዎች ግን ውሃ እየጠጡ ከዚያ እጅግ ይቆያሉ። እንዴት? በ1960ዎቹ ጆርጅ ካሂል የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ቦስተን ውስጥ ይህን ጠየቀ። በጣም ወፍራም የሆኑ ፈቃደኛ ሰዎች በሆስፒታል ክትትል አምስትና ስድስት ሳምንት ጾሙ። ከአንጎል የሚወጣውን ደም ለኩ። አንጎል ከግሉኮስ ሌላ አይበላም ይባል ነበር። በ1967 ያሳተሙት ግን ሌላ ነው። አንጎላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ኃይል ያገኝ የነበረው ከኬቶን ነው፤ ጉበት ከስብ ቁርጥራጭ ከሚሠራው። ስቡ ዳቦ መሆን ባይችል ቆሎ ሆኖ መጣ በሉት። አንጎል ቆሎውን ስለለመደ የግሉኮስ ፍላጎቱ በቀን ወደ 40 ግራም ወረደ፤ የሚፈርሰውም ፕሮቲን ከ75 ወደ 20 ግራም። ጡንቻው የተረፈው በዚህ ነው።

አሁን ደግሞ "በቃ" የሚል ጠፍቶ ዳቦ ቤቱ ሲጋግር ቢውል ምን ይሆናል?

ኢንሱሊን ለጉበት በቃ የሚለው ድምፅ ነው። በዓይነት 1 ስኳር ድምፁ ጨርሶ ይጠፋል። ደሙ በስኳር ተጥለቅልቆ ጉበት አሁንም ይሠራል፤ የተራበ ይመስለዋልና። ጡንቻ ይፈርሳል፣ ስኳር ይሆናል፣ በሽንት ይፈሳል። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የነበረው የቀጰዶቅያው አሬቴዎስ ይህን በሽታ ሲገልጽ ሥጋ ቀልጦ ሽንት ሲሆን ነው ብሏል። ስለ ሆርሞን ምንም አያውቅም። ያየውን ነው የጻፈው፣ እና አልተሳሳተም። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች ማድረግ የሚችሉት ማስራብ ነበር። ስኳር ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል ብለው። ትንሽ ጊዜ ያቆያል። ግን ልጆቹ ምንም ባይበሉም ገላቸው ራሱ ስኳር ይሆን ነበር። ጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የወሰደው የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ኢንሱሊኑ ጉበቱን ዝም አሰኘለት።

በተቃራኒው ዳቦ ቤቱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ስለ አረቄ ልናገር ነው፤ ፊታችሁን አታዙሩ። ሰው ሳይበላ ውሎ በባዶ ሆድ ሲጠጣ መጋዘኑ ባዶ ነው። ያለው ተስፋ አዲስ የሚሠራው ስኳር ነው። ጉበት ግን አልኮሉን ለመስበር የሚጠቀምበት ረዳት ሞለኪውል ስኳር ለመሥራትም የሚያስፈልገው ነው። አልኮሉ ቀድሞ ይሻማዋል። ላክቴቱ ቆሞ ይቀራል፣ ስኳሩ ይወርዳል። ስኳሩ የወረደ ሰው ደግሞ ይንገዳገዳል፣ ያልበዋል፣ ንግግሩ ይኮላተፋል። ሰካራም ይመስላል ማለት ነው። "ተዉት፣ ይተኛበት" ተብሎ የሚተወው እንዲህ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከሆነ አደጋው እጥፍ ነው። ሰውየው ካልነቃላችሁ ለአልጋ አትተዉት፣ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

አንድ ሌላ ላክል። በሕንድ ቢሃር ግዛት ሙዛፋርፑር በሚባል ቦታ ሊቺ የሚባል ፍሬ ሲደርስ፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ሕፃናት ሌሊት በድንገት እየተንቀጠቀጡ ይሞቱ ነበር። ዓመታት ፈጅቷል ምክንያቱን ለማግኘት። ፍሬው ውስጥ ስብን ማንደድ የሚከለክል መርዝ አለ። የተራቡ ልጆች ቀን ሊቺ ለቅመው በልተው እራት ሳይበሉ ይተኛሉ። መጋዘናቸው ትንሽ ነው፣ ሌሊት ያልቃል። ማገዶው በመርዙ ተቆልፏል። ምድጃው አይነድም። ልጆቹ እራት እንዲበሉና ስኳራቸው ቶሎ እንዲለካ ከተመከረ በኋላ ነው ሞቱ የቀነሰው። እራት።

ጎረቤቴን አልረሳኋቸውም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነት ለመነሳት ይዘጋጃል። ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ከፍ ይላሉ፤ ጉበትም ስኳር ይጨምራል። በጤነኛ ሰው ኢንሱሊን ትንሽ ከፍ ብሎ ያስተካክለዋል። በእሳቸው ግን ጉበቱ ኢንሱሊንን መስማት አቁሟል። ስለዚህ 138 ተኝተው 171 ተነሱ። ከ1957 ጀምሮ ለስኳር ሕሙማን የሚሰጠው ሜትፎርሚን፣ ብዙዎቻችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ማለቴ ነው፣ ዋና ሥራው ይህን የጉበት ምርት መቀነስ ነው። "ስኳር ሳልበላ መድኃኒቱ ምን ያደርግልኛል" ብላችሁ እንዳትዘሉት። እሳቸውም እራት የማይበሉ ቀን ይዘሉት ነበር። ለሐኪማቸው እንዲነግሩ ገፋፋኋቸው፤ ሐኪማቸውም አስተካከለላቸው።

ጥያቄ ብዙ ነበር። አንዱን ብቻ ልጻፍ። ከኋላ የተቀመጠ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ "ከስብ ስኳር መሥራት የሚችል ነገር በዓለም ላይ የለም?" አለኝ።

አለ። ቅባት ያለው ዘር ሁሉ ይችላል፤ ኑግ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ፣ ጉሎ። ዘሩ መሬት ውስጥ ጨለማ ላይ ነው፣ ቅጠል የለውም፣ ፀሐይ አያገኝም። ያለው ዘይት ብቻ ነው። እኛ የሌሉን ሁለት ኢንዛይሞች አሉት፤ በእነሱ አቋራጭ አድርጎ ሁለቱ ካርቦኖች አየር ሆነው ከመውጣታቸው በፊት ያስቀራቸዋል። ዘይቱን ስኳር አድርጎ ግንድ ያበቅልበታል። በ1957 በዘር ውስጥ ይህ የታየው በጉሎ ቡቃያ ላይ ነው። ልጁ ቤት ሄዶ ጉሎ ሊያበቅል እንደሆነ ከፊቱ ገባኝ። ሱፍ ይሻልሃል አልኩት፤ ጉሎ ፍሬው መርዝ ነው፣ ታናሽ እህት ካለችህ ደግሞ አፏ ውስጥ ትከተዋለች። አለችኝ አለ።